የወዶ ዘማች ጦር በሰፌድ ላይ፦ አንድን ሬጅመንትና አዛዦቹን እንዴት መከታተል እንደሚቻል

አንድ ሰፌድ፣ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና፣ ሃምሳ ያህል ፍሬ ጀንፈል፣ እርሳስና አንድ ሉክ ወረቀት አዘጋጁ። ጅማ ላይ ቡናም ጀንፈልም ከየቤቱ አይጠፋም፤ ሌላ ቦታ ያለ ሰው በስንዴና በባቄላ ሊተካው ይችላል። ጥሬው ቡና ተራ ወታደሩና ባለሌላ ማዕረጉ ነው፤ አንዱ ፍሬ ለአስር ሰው ይቆጠራል። ገለባው ያልተፈለፈለው ጀንፈል መኮንን ነው፤ እሱ አንዱ ለአንድ ሰው ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈረንጅ አራዳ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ስድስት ሰባት ተማሪዎች ይሰበሰባሉ። ባርጩማ ላይ ተቀምጠን፣ ሰፌዱን መሃል አድርገን የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት እናጠናለን። ጦርነቱ ከ1861 እስከ 1865 በፌዴራሉ መንግሥት፣ ማለትም በሰሜኑ፣ እና በተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መካከል የተካሄደ ነው፤ እኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። ካልተናገርኩ በቀር ቁጥሮቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ። ስለዚህ ጦርነት የሚያነብ ሰው መንገድ የሚጠፋበት ብዙውን ጊዜ ስሞቹ ላይ ሲደርስ ነው። «3ኛ ብርጌድ፣ 1ኛ ክፍለ ጦር፣ 5ኛ ኮር» የሚል መስመር ሲያይ ዘሎት ያልፋል። እኔ የምለምናችሁ ያንን መስመር እንዳትዘሉት ነው። ሰዎቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የራሳችንን ቃላት ቦታ ቦታቸውን እናስይዝ። አማርኛ ለክፍሉም ለመሪውም አንድ ስም ይሰጣል። ሻምበል መቶ ያህል ሰው ያለው ክፍል ነው፤ መሪውም ሻምበል ይባላል። ሻለቃም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ ሲፈታ የሺህ ሰው አለቃ ማለት ነው። የአሜሪካ ወዶ ዘማች ሬጅመንት በወረቀት ላይ አንድ ሺህ ያህል ሰው ስላለው ተማሪ ሁሉ ሻለቃ ብሎ ይተረጉመዋል፤ መሪውንም ሻለቃ ይለዋል። መሪው ግን ኮሎኔል ነው። ሻለቃ የሚባለው ማዕረግ በዚያ ሬጅመንት ውስጥ ከኮሎኔሉና ከሌተና ኮሎኔሉ ቀጥሎ ሦስተኛው ሰው ነው። እኔም በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታት እንደዚያው እያልኩ አስተምሬአለሁ። ያረመችኝ አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ «ሻለቃው ከሞተ ሬጅመንቱ በማን ታዘዘ?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ስለዚህ ሬጅመንትን ሬጅመንት በሉት። ቃሉ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፤ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ሥር ነበር።

ቀጥሎ የምታነቡት ስለየትኛው ዓይነት ወታደር እንደሆነ ለዩ። ጦርነቱ ሲጀመር የአሜሪካ መደበኛ ጦር 16,000 ያህል ሰው ብቻ ነበረው፤ አብዛኛውም በምዕራቡ ጠረፍ ተበትኖ ነበር። የጦርነቱ የመጀመሪያ ጥይት ፎርት ሰምተር በተባለው ምሽግ ላይ በተተኮሰ በሦስተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1861፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን 75,000 ሚሊሺያ ለሦስት ወር ጠሩ። ሦስት ወር እንደማይበቃ ለመረዳት ብዙ አልፈጀም፤ ሜይ 3 ቀን ለሦስት ዓመት የሚያገለግሉ 42,034 ወዶ ዘማቾች እንዲመዘገቡ አዘዙ። መደበኛ፣ ሚሊሺያ፣ ወዶ ዘማች፦ ሦስቱን በወረቀታችሁ ራስጌ ለየብቻ ጻፏቸው። የሚያደናግረው ነገር አንድ ቁጥር ሁለት ሬጅመንት ሊሆን መቻሉ ነው። 1ኛ ኦሃዮ የሚባል የሦስት ወር ሬጅመንት ነበር፤ 1ኛ ኦሃዮ የሚባል የሦስት ዓመት ሬጅመንትም ነበር። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የአገልግሎቱን ዘመን ሳትጽፉ አንድ ፍሬ ቡና እንኳ ሰፌዱ ላይ አታስቀምጡ።

ስሙን ስታነቡ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ወዶ ዘማቹን የሚያወጣው ግዛቱ ስለሆነ ቁጥሩን የሚሰጠውም ግዛቱ ነው። በጌቲስበርግ ውጊያ ላይ 20ኛ ሜይንም 20ኛ ማሳቹሴትስም ተሰልፈው ነበር፤ አንዱ በ5ኛ ኮር፣ ሌላው በ2ኛ ኮር። «20ኛው ሬጅመንት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የሁለት ግዛት ልጆችን ቀላቅሏል። ቁጥሩ ከግዛት ይልቅ ከአገሪቱ ስም ጋር ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ ጦር ነው። ለዚህ ደንብ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ጥቁር ወታደሮች ጋር ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አሁን ሰፌዱን አንሱ። ምሳሌአችን 20ኛ ሜይን ይሁን፤ በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ካለችው የሜይን ግዛት በኦገስት 1862 የተመዘገበ እግረኛ ሬጅመንት ነው። አስር መደብ ሥሩ፤ እያንዳንዱ ሻምበል ነው። ሻምበሎቹ በፊደል ይጠራሉ፤ ከኤ እስከ ኬ። ከኤ እስከ ኬ አስራ አንድ ፊደል አይደለም ወይ የሚል ልጅ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ጄ ስለተዘለለች ነው፤ በእጅ ጽሑፍ ከአይ ጋር ትመሳሰል ነበር። በየመደቡ አስር አስር ፍሬ ቡና አኑሩ፤ ደንቡ ለአንድ ሻምበል ከ83 እስከ 101 ሰው ይፈቅዳልና በቂ ግምት ነው። ከእያንዳንዱ መደብ ራስጌ ሦስት ጀንፈል አስቀምጡ፦ ሻምበሉ፣ የመቶ አለቃውና ምክትል የመቶ አለቃው። ከአስሩ መደብ በላይ ደግሞ የሬጅመንቱ መምሪያ ይቀመጣል፦ ኮሎኔሉ፣ ሌተና ኮሎኔሉ፣ ሻለቃው፣ ጽሕፈቱን የሚይዘው መኮንን፣ የስንቅና ትጥቅ ሹሙ፣ ሐኪሞቹና ቄሱ። ሰፌዱ ሞላ።

ተማሪዎች ይህንን ሲጨርሱ ደስ ይላቸዋል፤ ሥዕሉ ያምራል። እኔ ግን ወዲያው «ቀኑ ስንት ነው?» እላቸዋለሁ። ይህ ሙሉ ሰፌድ የኦገስት 1862 ሰፌድ ነው። ጌቲስበርግ ጁላይ 1863 ነው፤ ያን ዕለት ሬጅመንቱ 386 ያህል ሰው ብቻ ይዞ ነበር የቆመው። ስለዚህ ከመቶው ፍሬ ስልሳውን አንሱ። በጥይት የወደቀው ጥቂቱ ነው፤ ብዙውን በሽታ ነው ከሰልፍ ያስወጣው። ከቀሩትም መካከል አስራ ሁለቱን ፍሬ ለየት አድርጋችሁ አስቀምጡ። እነዚህ የ2ኛ ሜይን ሰዎች ናቸው፤ 120 ያህል። ሬጅመንታቸው የሁለት ዓመት ጊዜውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ እነሱ የፈረሙት የሦስት ዓመት ውል ስለነበር ቀሩ፤ «አብረን ወጥተን እንዴት አብረን አንገባም?» ብለው አሻፈረን አሉ። በእስረኛ ወግ፣ በዘበኛ ተከበው ነበር ወደ 20ኛ ሜይን የመጡት። የተቀበላቸው አዛዥ ከፈለገ እንዲተኩስባቸው ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። እሱ ግን ምግብ እንዲቀርብላቸው አደረገ፣ አቤቱታቸውን ሰማ፣ በየሻምበሉ ደለደላቸው። ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም ጠመንጃቸውን አነሱ። ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው «386» ብሎ ያልፋል፤ ሰፌዱ ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን ከዚያ ውስጥ ሲሶ የሚጠጋው በሌላ ባንዲራ ሥር የማለ መሆኑን ያያል።

ያ አዛዥ ማን ነበር? እዚህ ላይ ሁለተኛው ትምህርት ይመጣል፦ ወዶ ዘማችን ማን ይሾመዋል? በፌዴራሉ ወገን የሬጅመንት መኮንኖችን የሚሾመው የግዛቱ አስተዳዳሪ ነው፤ ጄኔራሎችን ፕሬዚዳንቱ ይሾማል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። የሻምበል መኮንኖችን ግን በብዙ ቦታ ወታደሮቹ ራሳቸው በድምፅ ይመርጡ ነበር። ሰው ያሰባሰበ ሰው ማዕረግ ያገኛል፤ የመንደሩ ጠበቃ፣ ነጋዴው፣ መምህሩ ሻምበል ይሆናል። ይህ አሠራር መልካምም ክፉም ወልዷል። ለዚህም ነው ጁላይ 1861 ላይ የወጣው ሕግ መኮንኖች በቦርድ እንዲፈተኑና የማይችሉት እንዲሰናበቱ የፈቀደው። 21ኛ ኢሊኖይ በመጀመሪያ ኮሎኔሉ ሥር ሥርዓት አጥቶ ሲበጠበጥ አስተዳዳሪው ሪቻርድ ዬትስ ሌላ ሰው ሾሙበት። ያ ሰው ከውትድርና ከወጣ ሰባት ዓመት የሞላው፣ በአባቱ የቆዳ ዕቃ መደብር የሚሠራ፣ በኋላ የሰሜኑ ጦር ሁሉ የበላይ አዛዥ የሆነው ዩሊሰስ ግራንት ነበር።

የ20ኛ ሜይን ነገር ለእኔ ለመምህርቷ ይበልጥ ይቀርበኛል። ጆሹዋ ቻምበርሌን የቦውዶይን ኮሌጅ መምህር ነበር። ቋንቋ እንዲያጠና ወደ አውሮፓ መሄጃ ፈቃድ ተሰጥቶት ሳለ ወደ ግዛቱ አስተዳዳሪ ሄዶ ልዝመት አለ። ኮሎኔልነት ሲቀርብለት ሥራውን ገና አላወቅሁትም ብሎ ሌተና ኮሎኔል መሆንን መረጠ። ኮሎኔል የሆነው አዴልበርት ኤምስ የዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ ምሩቅ ነው፤ ወጣት፣ ቁጡ፣ ሰልፍ የማይሰለቸው። ቻምበርሌን ከእሱ ሥር ዘጠኝ ወር ያህል ተማረ። ኤምስ በሜይ 1863 ብርጋዴር ጄኔራል ሆኖ ሲወጣ ሬጅመንቱ ለመምህሩ ቀረ። በሰፌዱ ላይ ይህ አንድ ጀንፈል ማንሳትና ሌላውን አንድ እርከን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ነገር ግን ቀኑን በወረቀቱ ላይ ካልጻፋችሁ ሁለቱን ሰዎች ታምታታላችሁ።

ለምን እንዲህ እንደምደክምበት ልናገር። ታላቅ ወንድሜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1976 ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠሩት አንዱ ነበር። ከሰሜን በሚልከው ደብዳቤ ላይ ከስሙ ሥር የክፍሉ ቁጥር ብቻ ይጻፍ ነበር። አባታችን ያንን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ገልብጦ በሸሚዙ ኪስ ይዞ ይዞር ነበር። በፈቃድ የመጣ ወታደር አለ በተባለ ቁጥር እስከ ሄርማታ ገበያ ድረስ በእግሩ ሄዶ «ይህ የት ነው? አዛዡስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩን የሚያነብለት ሰው አላገኘም። ወንድሜ በ1983 ተመለሰ፤ አባታችን ግን ያኔ በሕይወት አልነበረም። ብጣሿ ወረቀት እኔ ዘንድ አለች።

ወደ ሰፌዱ እንመለስ። ከሬጅመንት ወደ ላይ ስትወጡ ከታች ጀምራችሁ አንብቡ፤ የቤት አድራሻ እንደምትነግሩ ከጠባቡ ወደ ሰፊው። ሦስት ወይም አራት፣ አንዳንዴም አምስት ሬጅመንት ብርጌድ ይሆናል፤ ሁለትም ሦስትም ብርጌድ ክፍለ ጦር ይሆናል፤ ክፍለ ጦሮች ኮር፣ ኮሮች ደግሞ ጦር ይሆናሉ። ጁላይ 2 ቀን 1863 የ20ኛ ሜይን መስመር እንዲህ ነበር፦ ሬጅመንቱ በኮሎኔል ቻምበርሌን፣ 3ኛ ብርጌድ በኮሎኔል ስትሮንግ ቪንሰንት፣ 1ኛ ክፍለ ጦር በብርጋዴር ጄኔራል ጄምስ ባርንስ፣ 5ኛ ኮር በሜጀር ጄኔራል ጆርጅ ሳይክስ፣ የፖቶማክ ጦር በሜጀር ጄኔራል ጆርጅ ሚድ። ይህንን መስመር ቀስ ብላችሁ እዩት። ብርጌድ በብርጋዴር ጄኔራል ይመራል የሚለው የወረቀቱ ደንብ ነው፤ እዚህ ግን ብርጌዱን የያዘው ኮሎኔል ነው። ማዕረግና ኃላፊነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ በሁለት ዓምድ ጻፏቸው። ሚድም ጦሩን ከተረከበ ገና አራት ቀኑ ነው፤ እስከ ጁን 28 ድረስ የ5ኛ ኮር አዛዥ እሱ ነበር፤ ሳይክስ የገባው በእሱ ቦታ ነው።

በዚያች ከሰዓት ትንሹ ራውንድ ቶፕ ኮረብታ ላይ ቪንሰንት ተመታ። ብርጌዱን የ44ኛ ኒውዮርክ ኮሎኔል ጄምስ ራይስ ወዲያው ያዘ። የራይስን ሬጅመንት ሌተና ኮሎኔሉ ያዘ። ጀንፈሉን በእጃችሁ እያነሳችሁ ይህንን አድርጉት፤ አንዱ ከላይ ሲነሳ ከታቹ ሁለት ቦታ ይንቀሳቀሳል። ሽማግሌ የሚያስፈልገው ክርክር አይነሳም፤ የሹመት ደብዳቤው ቀን የቀደመ ሰው ቅድሚያ አለው። ቪንሰንት በአምስተኛው ቀን፣ ጁላይ 7፣ ሞተ፤ የብርጋዴር ጄኔራልነት ሹመቱ ከተመታ በኋላ የተጻፈ ነው። 20ኛ ሜይን በበኩሉ የመላው የፌዴራል ሰልፍ የግራ ጫፍ ነበር። ቢ ሻምበል ከሻምበል ዋልተር ሞሪል ጋር ከሰልፉ ወጣ ብላ ወደ ግራ ተልካ ስለነበር፣ በቦታ ሥዕላችሁ ላይ አስሩን መደብ በአንድ መስመር የደረደራችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ዘጠኙን ደርድሩ፣ አንዱን ራቅ አድርጉ።

በዚያው ሰዓት ከኮረብታው ሥር ሽቅብ ይወጣ የነበረው 15ኛ አላባማ ነው። የደቡቡን ወገን ስታነቡ ቁልፉ ይለወጣል። ሬጅመንቱ እንደ ሰሜኑ በቁጥርና በግዛት ይጠራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን በአዛዡ ስም ነው፦ የሎው ብርጌድ፣ የሁድ ክፍለ ጦር፣ የሎንግስትሪት ኮር። እኛ የአድዋን ዘመቻ ስናወራ የራስ መኮንን ጦር፣ የራስ አሉላ ጦር እንደምንለው ማለት ነው። ችግሩ ስሙ ከሰውየው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መኖሩ ነው። ያን ዕለት ሁድ ገና በጊዜ ቆሰለ፤ ክፍለ ጦሩን ሎው ያዘ፤ የሎውን ብርጌድ ኮሎኔል ጄምስ ሼፊልድ ያዘ። በወረቀት ላይ ግን አሁንም የሁድ ክፍለ ጦር፣ የሎው ብርጌድ ነው። ስለዚህ ለደቡብ ሁለት ዓምድ አበጁ፤ አንዱ «ስሙ»፣ ሌላው «በዕለቱ ያዘዘው»።

ለአማርኛ ጸሐፊ ሌላም ወጥመድ አለ። ሰሜኖች ጦራቸውን በወንዝ ስም፣ ደቡቦች በግዛት ስም መጥራት ያዘወትሩ ነበር። ቴነሲ ደግሞ ወንዝም ነው፣ ግዛትም ነው። «የቴነሲ ጦር» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው የማን ወገን እንደሆነ የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለውም፤ ተርጓሚዎች ሲደባልቁት በዓይኔ አይቻለሁ። የፌዴራሉን «የቴነሲ ወንዝ ጦር»፣ የደቡቡን «የቴነሲ ግዛት ጦር» ብላችሁ ለዩ።

አንድ ሰው ሁለት ማዕረግ ይዞ ስታገኙትም አትደንግጡ። አንዱ የመደበኛ ጦሩ፣ ሌላው የወዶ ዘማቹ ነው፤ ሦስተኛ የክብር ማዕረግ የተጨመረለትም አለ። ጆርጅ ከስተር በጦርነቱ መጨረሻ የወዶ ዘማቾች ሜጀር ጄኔራል ነበር፤ ወዶ ዘማቹ ሲበተን በመደበኛ ጦሩ ያለው ማዕረግ ሻምበል ነበር። በ1866 የ7ኛ ፈረሰኛ ሌተና ኮሎኔል ሲሆን አላሽቆለቆለም፤ አድጓል።

አሁን ወደዚያ ልዩነት። በሜይ 1863 የጥቁር ወታደሮች ቢሮ ከተቋቋመ በኋላ አብዛኞቹ የጥቁር ሬጅመንቶች በግዛት መጠራታቸው ቀርቶ በአገሪቱ ስም ቁጥር ወጣላቸው። በስማቸው መደበኛ ይምሰሉ እንጂ ወዶ ዘማቾች ናቸው፤ በጠቅላላው ወደ 180,000 ሰው። የግዛት ስማቸውን እንደያዙ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ 54ኛ ማሳቹሴትስ ነው። አስተዳዳሪው ጆን አንድሩ አደራጁት፤ ኮሎኔሉ የሃያ አምስት ዓመቱ ሮበርት ጉልድ ሾው ነበር። የታወቀው የፀረ ባርነት ታጋይ የፍሬድሪክ ዳግላስ ልጅ ሉዊስ የሬጅመንቱ ሻምበል ባሻ ነበር። መኮንኖቹ ነጮች፣ ወታደሮቹ ጥቁሮች። ነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው ለእነሱ 10 ዶላር ተባለ፤ ከዚያም ላይ ለልብስ 3 ዶላር ተቀንሶ 7 ዶላር። አንቀበልም አሉ። ግዛቱ ልዩነቱን ልሙላላችሁ ቢልም አንቀበልም አሉ፤ የጠየቁት እኩልነትን ነበርና። ጁላይ 18 ቀን 1863 ፎርት ዋግነር የተባለውን የደቡቦች ምሽግ 600 ያህል ሆነው ሲያጠቁ፣ ኮሎኔላቸው ምሽጉ ላይ ሲወድቅ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር አልተቀበሉም ነበር። ምክር ቤቱ እኩል ክፍያን የፈቀደው በጁን 1864 ነው። ሰፌዱ ላይ የዚህን ሬጅመንት ቡና ስትደረድሩ ከጎኑ 7 እና 13 ብላችሁ ጻፉ፤ የአደረጃጀት ሠንጠረዥ ደመወዝን ካላሳየ ግማሹን ሰውሯል።

ለምንጭ የሚሆናችሁ የአሜሪካ መንግሥት ከ1880 እስከ 1901 ባሳተመው 128 መጽሐፍ ውስጥ ያለው የአዛዦች ሪፖርትና የአደረጃጀት ሠንጠረዥ ነው፤ ሁሉም በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። ከየውጊያው ሪፖርቶች ጋር ያለውን ሠንጠረዥ መጀመሪያ ፈልጉ፤ ሪፖርቱን ከዚያ በኋላ አንብቡ። በቀለም የተሠራ ሥዕል ካገኛችሁ ኮፍያውን እዩ፤ ከ1863 ጀምሮ የፖቶማክ ጦር ኮሮች ምልክት ያደርጉ ነበር፤ የምልክቱ ቅርጽ ኮሩን፣ ቀለሙ ክፍለ ጦሩን ይናገራል። ቀይ 1ኛ፣ ነጭ 2ኛ፣ ሰማያዊ 3ኛ። ቀይ የማልታ መስቀል ያደረገ ሰው ካያችሁ ከ20ኛ ሜይን ጎረቤቶች አንዱ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ቆጠራ ነው። ቻምበርሌን ፒተርስበርግ ላይ በጽኑ ቆስሎ ብርጋዴር ጄኔራል ሆኖ ነበር፤ በኤፕሪል 12 ቀን 1865፣ የደቡቡ ጦር እጅ በሰጠበት በአፖማቶክስ የደቡብን እግረኛ ጦር መሣሪያ የማስረከብ ሥነ ሥርዓት የመራው እሱ ነው። ሬጅመንቱ በዚያው ክረምት ተሰናበተ። ከሰፌዱ ላይ አስራ አምስት ፍሬ ቡና አንሱና በአንድ በኩል አስቀምጡ፤ በውጊያ የሞቱትና በቁስል ያለፉት 147 ሰዎች ናቸው። ሌላ አስራ አምስት ፍሬ አንሱና በሌላ በኩል አስቀምጡ፤ በበሽታ የሞቱት 146 ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከተማሪዎቼ አንዱ ሁለቱን ክምር ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆይቶ በእርሳስ ከሥራቸው «ሜይን፣ 20ኛ» ብሎ ጻፈ። ቡናውን የዚያን ዕለት አልቆላነውም፤ ሰፌዱ እስከ ማግስቱ እንደተዘረጋ አደረ።